የሚመጡትን ፊልሞች ቀን ቆጥረን እንጠብቃለን፤ የእኛዎቹን ማን ያስጠብቀን?

የቱሉ ዲምቱ ተመልካች (ክሩን የከፈተች)

የመድረኩ ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዘንድሮ የሚወጡትን ፊልሞች ዝርዝር ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ልቤን የሰቀለውን አንዱን ብቻ አንስቼ ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ እገባለሁ።

ክሪስቶፈር ኖላን የጥንቱን ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜርን ግጥም ኦዲሲን ወደ ፊልም አምጥቶታል። የተቆረጠለት ቀን ሐምሌ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለግዙፍ ስክሪን በሚሆነው በአይማክስ የፊልም ካሜራ የተቀረጸ የመጀመሪያው ባለ ታሪክ ረጅም ፊልም ይኸው ነው። ከዚህ በፊት ያ ካሜራ የሚወጣው ለተመረጡ ትዕይንቶች ብቻ ነበር፤ ክብደቱ ሳያንስ፣ ሲሠራ የሚያሰማው ጩኸት ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ያበላሸዋል። አሁን የአይማክስ ኩባንያ ቀለል ያለና ድምፁ የቀነሰ ካሜራ ሠርቶ አቀረበ። አንድ አዘጋጅ በአሠራሩ ሲጸና መሣሪያ ሠሪው አብሮት መንቀሳቀሱ እጅግ ገርሞኛል። ተመልካቹም አልቀረም፤ በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚያሳዩት ጥቂት አዳራሾች ትኬት መሸጥ የጀመሩት ዓመት ሲቀረው፣ ሐምሌ 2017 ላይ ነበር፤ አብዛኛውም ወዲያው አለቀ።

ታሪኩ ለእኛም ጨርሶ ባዕድ አይደለም። ግጥሙ ሲከፈት የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን በአማልክቱ ጉባኤ ላይ የለም፤ የበሬና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል ሩቅ ወዳሉት ኢትዮጵያውያን ሄዷል። የግጥሙ ጀግና ኦዲሴየስ ወደ አገሩ እንዲመለስ አማልክቱ የመከሩት ጠላቱ እዚያ ግብዣ ላይ ሳለ ነው። ሆሜር ኢትዮጵያውያን ሲል የዛሬውን ካርታ ይዞ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስሙን በዚያ ግጥም መግቢያ ላይ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞላል።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የሚያድጉት ወጣቶች የዚያን ፊልም ቀን በቃላቸው ያውቁታል፤ የትኛው ተዋናይ ምን ሆኖ እንደሚጫወት ሳይቀር ይተነትኑልሻል። በመጪዎቹ ወራት የሚመረቅ አንድ የአማርኛ ፊልም ጥሩልኝ ብትያቸው ግን ዝም ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። የአማርኛ ፊልም መሠራቱን የምንሰማው ሊመረቅ ሳምንት ሲቀረው፣ በታክሲ የኋላ መስታወት ላይ በተለጠፈ ፖስተር ነው። ማን ጻፈው፣ የት ተቀረጸ፣ ስለምን ተሠራ፣ ምንም አይነገረንም። ሁለት ሳምንት ይታይና የውሃ ሽታ ይሆናል። ከወራት በኋላ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ደግሞ ምስሉ ላይ በተደረደረው ማስታወቂያ ብዛት የተዋናዩ ፊት እንኳ በቅጡ አይታይም።

ከምኖርበት ሕንፃ በታች፣ መንገዱ ዳር፣ ሞባይል የሚጠገንባትና ፊልም የሚጫንባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ፍላሽሽን ታቀብያለሽ፤ ልጁ ኮምፒውተሩን ወደ አንቺ አዙሮ ያስመርጥሻል። በስክሪኑ ላይ ፋይሎቹ በየወገናቸው ተቀምጠዋል፤ «አክሽን ትርጉም»፣ «ህንድ ትርጉም»፣ «ኮሪያ»፣ «ቱርክ»፣ «ለልጆች»። «አማርኛ» የሚለው ከሁሉም በታች ነው። ሲከፈት ያገኘሁት እንደ ነገሩ ከዩቲዩብ የወረደ የፍቅር ኮሜዲ ክምችት ነው፤ ግማሾቹ ርዕሳቸው ተቆርጧል፣ የአዘጋጁ ስም የአንዱም ላይ የለም። ልጁን ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ስጠይቀው «እህቴ፣ የሚጠይቅ የለም» አለኝ።

እኔ እንደማምነው የፊልም ግማሹ መጠበቁ ነው። ስሙን ሰምቶ፣ ቅንጫቢውን አይቶ፣ ከጓደኛ ጋር ተከራክሮ፣ ቀኑን ቆርጦ የሚጠብቅ ሰው አዳራሽ ሲገባ ልቡ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። የሚጠብቀው የሌለው ፊልም ሠሪም ለማን እንደሚሠራ ሳያውቅ ይሠራል። እኛ የዳር ከተማ ነዋሪዎች ደግሞ እጥፍ ርቀናል፤ ከዚህ ተነስቶ ፒያሳ ወይም ስታዲየም አካባቢ ፊልም ማየት የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፣ የምሽት 12 ሰዓቱን ያየ ሰው ሲወጣ የሚጠብቀው የታክሲ ሰልፍ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ከሚመጡት ፊልሞች ልባችሁን የሰቀለው የትኛው ነው? የራሳችንን ፊልም የሚጠበቅ ለማድረግስ ከሠሪውም ከተመልካቹም ምን ይጎድላል? በተለይ ሙያው ውስጥ ያላችሁ ዝም አትበሉ።

ባለ ሦስት እግር

እህቴ፣ ቁስላችንን ነው የነካሽው። በካሜራ ሥራ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝና ከውስጥ ያለውን ልንገርሽ።

እኛ አገር ፊልም ሲጀመር ሙሉ ገንዘቡ በእጅ አይኖርም። ፕሮዲዩሰሩ መኪናውን ይሸጣል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ስፖንሰር ያፈላልጋል። ገንዘቡ ሲያልቅ ቀረጻው ይቆማል። እስኪቀጥል ድረስ ዋናዋ ተዋናይት ተከታታይ ድራማ ትጀምርና ፀጉሯን ትቆረጣለች፤ የተከራየነው ቤት ባለቤት ግድግዳውን ሌላ ቀለም ይቀባዋል። በዚህ መሀል ማን ደፍሮ ቀን ይናገራል? ተናግሮ ያልደረሰለት ሰው በሙያው ውስጥ ስሙ ይጠፋል። ዝምታው ከዚህ የመጣ ነው።

ሌላው ፍርሃት ነው። ታሪኩ ከተሰማ ሌላ ሰው ቀድሞ ይሠራዋል ተብሎ ስለሚሰጋ፣ ቀረጻ ላይ ያለን ሰዎች እንኳ ሙሉ ጽሑፉን ሳናነብ የምንሠራበት ጊዜ አለ። እንዲህ ተደብቆ የኖረ ፊልም በመጨረሻው ሳምንት ተሯሩጦ ቢለጠፍ ማን ይደርስለታል?

ስለ ዩቲዩብም ልጨምር። የማስታወቂያው ክፍያ እንደ ተመልካቹ አገር ይለያያል። ዋሽንግተን ተቀምጦ የሚያይ አንድ ሰው፣ እዚህ ሰፈር ሆነው ከሚያዩ ብዙ ሰዎች የበለጠ ገቢ ያመጣል። ስለዚህ ጸሐፊው ብዕሩን ሲያነሳ በዓይኑ የሚመጣበት ናፍቆት ያለበት የውጭ አገር ነዋሪ ነው። ቱሉ ዲምቱ አትታሰብም።

ይህን ስል አንድ ነገር ያሳዝነኛል። የከተማው ዳርቻ ለእኛ ርካሽ የቀረጻ ቦታ ነው። ለገጣፎ ቪላ ተከራይተን የባለሀብት ቤት እናደርገዋለን፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ወጥተን ገጠር እናደርገዋለን፤ እንጦጦ ጫካ ፍቅረኞች እናስሮጣለን። የጋራ መኖሪያ ቤቱን ራሱን፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ በጀሪካን የምትሸከመዋን ሴት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የሚቆመውን የአውቶቡስ ሰልፍ ግን በካሜራዬ ቀርጬ አላውቅም፤ ቅረጽ ብሎ የጠየቀኝም የለም።

የጥንቱ አምባሳደር

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን በደስታ አነበብኩት። እኔ ዛሬ አያት አካባቢ ጡረታ ላይ ነኝ፤ የወጣትነቴን እሁድ ያሳለፍኩት ግን አምባሳደር ሲኒማ በር ላይ ነው። ትኬት ያለቀበት ሰው እንኳ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር፤ ያዩት እስኪወጡ ቆሞ ጠብቆ ታሪኩን ያስተርካቸዋል።

መጠበቅን ካነሳችሁ አንድ ሰው ልጥራላችሁ። የፊልም አዘጋጁን የኃይሌ ገሪማን ሥራ ለምታውቁ አዲስ ነገር አልነግራችሁም፤ ለማታውቁት ግን ስሙት። ምርት ሦስት ሺህ የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሡ መንግሥት ሊወድቅ ጫፍ በደረሰበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው የቀረጸው፤ ጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር፣ የትወና ሙያ በሌላቸው ባላገሮች። ጤዛ የተባለውን ፊልሙን ለመጨረስ ደግሞ 14 ዓመት ፈጀበት። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ወሰደ፤ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ በአፍሪካ ሲኒማ ትልቁን፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ። በሁለት ሳምንት የቀረጸውና 14 ዓመት የደከመበት ሰው አንድ ሰው ነው። ባለ ሦስት እግር ገንዘብ አለቀ፣ ቀረጻ ቆመ ሲል አምነዋለሁ፤ ይህም ሰው ያለፈው በዚያው መንገድ ነው።

ስለ ባርነት የሚተርከውን ሳንኮፋን የሠራ ጊዜ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። እሱም አዳራሽ እየተከራየ፣ የየከተማውን ጥቁር ማኅበረሰብ እያስተባበረ ራሱ አሳየው። ሰዉ ተሰልፎ አየለት። እኔ ከመጪ ፊልሞች ሁሉ አስቀድሜ የምጠብቀው፣ ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ አርበኞቹ ለረጅም ዓመታት ሲደክምበት የኖረውን ዘጋቢ ፊልም እዚህ አገር፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጬ የማይበትን ቀን ነው። አባቴ የጦርነቱን ወሬ ለእኛ ለልጆቹ ሳያወራ ነው ያረፈው።

ሰላም ከየካ አባዶ

እኔ የፖስተር ሥራ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ «ሳምንት ሲቀረው ይለጠፋል» የተባለው በቀጥታ እኔን ይመለከታል። እውነት ነው፤ ደንበኛው ማክሰኞ ይመጣል፣ ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይግባልኝ ይላል። ፊልሙን አላየሁትም፤ የሚሰጠኝ የተዋንያኑ ፎቶግራፍና ርዕሱ ብቻ ነው። ስለምን እንደሆነ ስጠይቅ «የፍቅር ነው» ይሉኛል። ምን ዓይነት ፍቅር? መልስ የለም።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ፖስተሩን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠርተው ያመጡና «ፊደሉን ብቻ አስተካክይልን» ይላሉ። አንዱን ቁጭ ብዬ መረመርኩት። ሴትዮዋ የለበሰችው የአበሻ ቀሚስ ጥለት ደረቷ ላይ ይጀምርና ወገቧ ጋ ሲደርስ ወደ ሌላ ጥለት ይለወጣል። የጀበናው ጡት ከጆሮው ጋር ተጣብቋል። ከኋላዋ ባለው ሱቅ ላይ የተጻፈው ነገር ከሩቅ ፊደላችንን ይመስላል፤ ጠጋ ስትይ ግን «ሀ» የለ፣ «ለ» የለ፣ ማንም ሊያነበው የማይችል ጭረት ነው። ጥለቱን የሸመነ፣ ጀበናውን የሠራ፣ ፊደሉን የቀረጸ ሰው ባለበት አገር ይህን አትሞ መለጠፍ ያሳፍረኛል። መልሼ ላክሁት፤ ሥራውንም ሌላ ሰው ወሰደው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎች 148 ቀን፣ ተዋንያኑ ደግሞ 118 ቀን ሥራ ያቆሙት ከደመወዙ ጥያቄ ጋር ይህንኑ ይዘው ነበር። ጸሐፊዎቹ መሣሪያው እንደ ጸሐፊ እንዳይቆጠር፣ ተዋንያኑ መልካቸው ያለ ፈቃዳቸው እንዳይቀዳ ተሟግተው በውላቸው አስገቡት። እኛ ዘንድ ስለዚህ የሚነጋገር ማኅበር ባገኝ በማግስቱ አባል እሆናለሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፦ የደኒ ቪልነቭ ዱን ክፍል ሦስት። ከአዲሱ የልዕለ ኃያላን ፊልም ከአቬንጀርስ ጋር በአንድ ቀን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ዓ.ም. ተቆርጦላቸዋል። ሁለቱም ተከታይ ክፍሎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የተጀመረ ታሪክ ይጨርሳል፣ ሌላው የሚሸጥ ስም ያራዝማል። ደኒ ቪልነቭ በረሃውን ሲያሳይ ነፋሱ ፊቴን የሚገርፈኝ ይመስለኛል። እሱን በትልቅ ስክሪን ካላየሁ ባላየው ይሻለኛል።

አቃቂ ዳር

ስለ ትርጉም ፊልም የተጻፈው ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። እናቴ ማንበብ አትችልም። ከታች በሚሮጥ ጽሑፍ ፊልም እይ ብትላት ምን ታይ ዘንድ ነው? የዓለምን ፊልም ቤታችን ያስገቡልን እነዚያ ተራኪዎች ናቸው። ጎበዝ ተራኪ የአሥር ሰው ድምፅ ይለዋውጣል፣ ባለጌውን ባለጌ አድርጎ ያናግረዋል፣ የፈረንጁን ነገር ወደ እኛ ወግ ያመጣዋል። እናቴ የምታውቀው ኮከብ ተዋናዩን አይደለም፤ ድምፁን ነው። «ያ ልጅ የተረከው አለ?» ብላ ነው የምታስጭነኝ። ይህም ፈጠራ ነውና አትናቁት።

የቱሉ ዲምቱ ተመልካች

አቃቂ ዳር፣ ወንድሜ፣ ተራኪዎቹን አልናቅሁም፤ እንዲያውም ስላነሳሃቸው አመሰግንሃለሁ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲጀምር የአገር ውስጥ ሥራ ይሞታል ተብሎ ብዙ ተጮኸ። ተመልካቹ ግን ተከታታይ ድራማ በየቀኑ መጠበቅ ለመደ፤ ዛሬ የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማዎች በየጣቢያው የሚታዩት ለዚያ ለለመደ ተመልካች ጭምር ነው። የእናትህ ነገር ግን ሌላ አሳየኝ። እናትህ ስትጠብቅ የኖረችው የምታውቀውን ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ስለሚመጣው የአማርኛ ፊልም ሁለት ደቂቃ ቢያወራላት ለማየት ትነሳ ነበር። ፕሮዲዩሰሮቻችን ለምን ተራኪዎቹን አያነጋግሯቸውም?

ጋሼ የጥንቱ አምባሳደር፣ ስለ ሳንኮፋ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አዳራሽ ተከራይቶ ራስ ማሳየት የሚለው ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። አባትዎን ነፍስ ይማር።

ዱከም መንገድ

ባለ ሦስት እግር «ቅረጽ ብሎ የጠየቀኝ የለም» ላልከው አንድ ምሳሌ አለኝ። ሜድ ኢን ኢትዮጵያ የሚባል ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ሺንያን ዩ እና ማክስ ደንከን የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በኒውዮርኩ ትራይቤካ ፌስቲቫል የታየ። ታሪኩ የሚካሄደው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ዱከም ባለው የቻይናዎቹ የኢንዱስትሪ ዞን ነው። ሦስት ሴቶችን ለዓመታት ይከተላል፤ ዞኑን ለማስፋፋት የምትሯሯጥ ቻይናዊት ኃላፊ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነች ወጣትና መሬቷ ለማስፋፊያው የተፈለገባት ገበሬ። ማንንም ጨርሶ ክፉ፣ ማንንም ጨርሶ ደግ አያደርግም። የሦስቱም ሕልም አንድ ቦታ ላይ ይጋጫል።

እኔ በየቀኑ በዚያ መንገድ የማልፍ ሰው ነኝ። የሠራተኞቹ አውቶቡስ ሲመጣ፣ ፈረቃ ሲቀየር፣ ልጆቹ ጫማቸው ላይ የለጠፈውን ጭቃ በድንጋይ ሲፍቁ አያለሁ። ፊልሙን እስካይ ድረስ ግን ይህ ሁሉ ታሪክ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጥሩ ፊልም እንዲህ ያደርጋል፤ የለመድከውን መንገድ እንደ አዲስ ያሳይሃል። የሚቆጨኝ ከሩቅ መጥተው ዓመታት የተቀመጡበትን ነገር እኛ በሩ ላይ ቆመን ማለፋችን ነው። ፋያ ዳዪም እንዲሁ ነው፤ ጄሲካ በሺር ስለ ሐረርና ስለ ጫት የሠራችው ለኦስካር የመጨረሻ እጩዎች መለያ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከማውቃቸው የሐረር ልጆች ግን ያየው ጥቂቱ ነው።

የምጠብቀው ፊልም የቱ ነው ብትሉኝ ገና ያልተጻፈ ነው። መሬቱን የሸጠ ገበሬ ልጅ በዚያው መሬት ላይ በተሠራው የጋራ መኖሪያ ቤት በር ጥበቃ ሆኖ ሲቀጠር፣ የዚያን ልጅ ታሪክ አማርኛና ኦሮምኛ እየተቀላቀለ፣ እንደምንነጋገረው አድርጎ የሚጽፍ ሰው እየጠበቅሁ ነው።

ባለ ሦስት እግር

ዱከም መንገድ፣ ያንን ታሪክ አንተው ጻፈው። ከምሬ ነው። ካሜራው የእኔ ነው፤ መብራት አንፈልግም፣ የማለዳውና የአመሻሹ ብርሃን ይበቃናል። የሚያስቸግረን ድምፅ ነው። የዳር ከተማ ቀረጻ ላይ ያለ ማቋረጥ የሲሚንቶ ማደባለቂያና የገልባጭ መኪና ጩኸት አለ። ድምፅ ቀራጭ የሆነ ሰው በዚህ መድረክ ካለ ያናግረኝ።

ዱከም መንገድ

ጀምሬዋለሁ። ሦስት ገጽ ሲሆን እልክልሃለሁ። የጽሑፉ አቀማመጥ እንዴት እንደሆነ ግን ታሳየኛለህ።

አቃቂ ዳር

እህቴ፣ መልስሽ ደስ ብሎኛል። ወደ አዳራሹ ጉዳይ እንምጣ። እናንተ ሰፈር የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ የለም? እኛ ጋ ለልቅሶና ለሠርግ የሚያገለግል አለ፤ ሌላ ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። እድሩ ወንበር አለው፣ ድንኳን አለው፣ የመብራት ገመድ ሳይቀር አለው። ፊልም ለማሳየት ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሰላም ከየካ አባዶ

በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። የሚያሳስበኝ የእድር ዕቃ ለመዝናኛ መውጣቱን የሚቃወሙ ሽማግሌዎች እንዳይኖሩ ነው። እኛ ብሎክ አንድ ጊዜ የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት ወንበር ተጠይቆ «የሐዘን ዕቃ ነው» ተብሎ ተከልክሏል።

የጥንቱ አምባሳደር

በእኛ እድር ዳኛው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከልምድ ልምከራችሁ። ሽማግሌዎቹን በመጨረሻ አታስፈቅዷቸው፤ ከመጀመሪያው አማክሯቸው። ወንበሩን ስጡን ከማለት ይልቅ ኑና የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡልን በሏቸው። ከሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለእድሩ ሳጥን ይግባ። የሚታየው ፊልምም እነሱን የሚያከብር ይሁን። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ስድብና መሳሳም የበዛበት ካሳያችሁ ሁለተኛ ምሽት የላችሁም።

ለዚህ እኔ የምመርጠው ምርት ሦስት ሺህን ነው።

ሰላም ከየካ አባዶ

ጋሼ፣ ምርት ሦስት ሺህን እጅግ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን እርጋታው ሲኒማ ያልለመደ ልጅን ሊያሸሽብን ይችላል። ለመጀመሪያው ምሽት ቁራኛዬን ላቅርብ። ሞገስ ታፈሰ የሠራው፣ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው የሚጓዙበት የጥንቱ ሥርዓት ላይ የቆመ ታሪክ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ፍርዱ ይከራከሩበታል፣ ልጆቹ ስለ ሰንሰለቱ። ሙግት የማይወድ አበሻ የለም። ሁለተኛው ምሽት የእርስዎ ምርጫ ይሁን፤ ሰዉ አንዴ ከመጣ ይታገሣል።

የጥንቱ አምባሳደር

ይሁን፣ ልጄ፤ ቁራኛዬ ይቅደም። ሰው ከሰንሰለት ወዲያ ምን እንደሚያስተሳስረው እኔም ከእናንተ ጋር ማየት እወዳለሁ።

ባለ ሦስት እግር

አንድ ነገር ሳይረሳ። የፊልሙን ባለቤቶች ሳናስፈቅድ አናሳይም። ከፍላሽ አውጥተን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ከሆነ፣ እኛም ያቺ የቆርቆሮ ቤት ነን። ደብዳቤ እንጻፍ፤ ሰው የሚከፍለውን፣ ለእነሱ የሚደርሰውን፣ ለእድሩ የሚገባውን በግልጽ አስቀምጠን እንጠይቅ። ሃምሳ ብር ቢሆን እንኳ ይከፈል። በነፃ የታየ ፊልም ነገ የሚሠራለት አያገኝም።

የቱሉ ዲምቱ ተመልካች

በሁሉም እስማማለሁ። ከእኛ ብሎክ የእድር ዳኛ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ የጋራ ሕንፃውን ቁልፍ የያዙት እሳቸው ናቸው። «ልጆቹ ምሽት ላይ የሚሰበሰቡበት ነገር ካገኙ እኔ ራሴ በር ላይ እቆማለሁ» ብለውኛል። ክረምት ላይ አይሆንም፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ድምፅ አይሰማም፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ እናድርገው። ለመብራት መቋረጥ አንድ ጎረቤታችን የዳቦ ቤቱን ጄኔሬተር ሊያውሰን ተስማምቷል።

ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ፤ ጋሼ ያርሙልኛል። ፈቃዱ እንደተገኘ ሰላም ፖስተሩን ትሠራለች፤ በእጇ፣ ፊልሙን ካየች በኋላ። የሚለጠፈው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። አዘጋጁና ጸሐፊው በትልቁ ይጻፉ፤ ታሪኩ በሁለት መስመር ይነገር። አንድ ቅጂ ፊልም የሚጭነው ልጅ ጋ እወስዳለሁ፤ በሩ ላይ እንዲለጥፈው ጠይቄው እሺ ብሎኛል። አቃቂ ዳር፣ እናትህ የሚወዱትን ያንን ተራኪ የምታገኝበት መንገድ ካለ ሁለት ደቂቃ ድምፅ እንዲሰጠን ለምንልን፤ በየብሎኩ በድምፅ ማጉያ እናሰማዋለን።

አቃቂ ዳር

ስልኩን ፈልጌ አገኛለሁ። እናቴ ደግሞ ከአቃቂ ትመጣለች፤ መመለሻ መኪና አሁኑኑ አስቡበት።

ባለ ሦስት እግር

ፕሮጀክተሩ የእኔ ነው። የምፈልገው ሙሉ ለሙሉ ነጭ የተቀባ ግድግዳ፣ ከበሩ ብርሃን የሚከልል ወፍራም መጋረጃና 30 ሜትር የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። የግድግዳውን ስፋት ለክታችሁ ላኩልኝና ፕሮጀክተሩ ከየት መቆም እንዳለበት እነግራችኋለሁ።